ማን መጣልሽ?

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእማማ፣

አስቀድሜ ጤናዎን፣ ከጤናዎ ቀጥሎ ዓይንዎን፣ ከዓይንዎ ቀጥሎ ያቺን የስፌት መኪናዎን እንዴት ናችሁ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ወር ሙሉ ሳልጽፍ መቅረቴን አውቃለሁ። ወረቀቱን ስንቴ አውጥቼ ስንቴ መልሼዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው እንጂ ረስቼ አይደለም። ይቅር ይበሉኝ።

«ለመሆኑ የምትማረው ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ብለው ጽፈውልኛል። ሥራው የልጆች ማቆያ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ወላጆቻቸው ገና ሥራ ላይ ናቸው አይደል? ከደወሉ ጀምሮ ወላጅ እስኪመጣ እኛ ጋ ይቆያሉ። የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እኛ መሃላቸው ነን። ጧት ጧት ክፍል ገብተን እንማራለን፤ ከሰዓት በኋላ እዚያው ማቆያው ውስጥ እንለማመዳለን። «ሞግዚት ሆነ» ቢሉም አልቀየምም።

ይህን ያመጡት እርስዎ ነዎት እኮ! የልጄን እናት ቀብረን ስንመለስ ድንቢጥን ልውሰዳት ብል በሩ ላይ ቆመው፣ «አንተ የምታውቀው አውቶቡስ መንዳት ነው። ልጅ መያዝ ተማርና ና፤ ያን ጊዜ እሰጥሃለሁ» አሉኝ። ሰው ሁሉ «ሐዘን ነው ያናገራቸው፣ ተወው» አለኝ። እኔ ግን የት እንደሚያስተምሩት ማጠያየቅ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ እንጂ ይኸው ገባሁ። በክረምት ሥልጠናው አልቆ ሰኔ ላይ ወረቀቴን ስይዝ እዚሁ ሥራ ይሰጡኛል፤ ቤት እከራያለሁ፤ ልጄን ወስጄ አብሬያት እኖራለሁ። ይሄ ሁሉ ለዚያ ነው።

አብረውኝ የሚማሩት ሃያ ዓመት በቅጡ ያልሞላቸው ልጃገረዶች ናቸው። «ጋሼ» ይሉኛል። መጀመሪያ ቀን ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ፤ አስተማሪው መስዬአቸው ኖሯል። ወንበሩ የልጅ ወንበር ስለሆነ ስቀመጥ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። አሰልጣኛችን ስሜን ስትጠራ አቤት ብዬ ብነሣ ወንበሩም አብሮኝ ተነሣ። ሁለት ልጆች ናቸው ጎትተው ያላቀቁኝ።

ድንቢጥ ስለ እኔ ምን ትላለች? እውነቱን ይጻፉልኝ። በስልክ እንደሆነ ያውቋታል፤ ይዛው ትተነፍሳለች እንጂ ቃል አይወጣትም። እርስዎም ጆሮዎ ስለማይሰማ እኛ የምንባባለውን ሰፈሩ ነው የሚሰማው። በደብዳቤ ይሻለናል።

አማችዎ

---

ጥቅምት 24

ለሾፌሩ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ወር ሙሉ የውሃ ሽታ ሆነህ ከርመህ አሁን የመኪናዬን ጤና ትጠይቃለህ። መኪናዬም ዓይኔም እያረጁ ነው፤ ተያይዘን እንሄዳለን። የትምህርት ቤቱን የተማሪ ልብስ ልሰፋ ተቀብያለሁ። ቤቱ ኮሌታ ብቻ ሆኗል፤ ስንተኛም ስንነሣም ኮሌታ ነው።

አዎ ብያለሁ። ሰው ልጁን ቀብሮ በመጣበት ቀን የተናገረውን ሁሉ እንዲህ የሚይዝበት ካለ ወዮለት! «ልጅ መያዝ ተማር» ስልህ ተመዝገብ ማለቴ መሰለህ? ጎረቤቴ መድኃኒት ሻጯ ስነግራት በሳቅ ልትሞት ነበር። አሁን ሰው «አማችሽ የት ገባ?» ሲለኝ «ትምህርት ላይ ነው» እላለሁ። «የምን ትምህርት?» ሲሉኝ ጆሮዬ አይሰማም።

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ለድንቢጥ አነበብኩላት። ወንበሩ አብሮህ የተነሣው ላይ ስደርስ ከት ብላ ሳቀች፤ ደግማ አስነበበችኝ። ከዚያ፣ «አብሯቸው መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ። ሥራው ነው አልኳት። «እኔ ጋ ሲመጣ ግን ሶፋው ላይ ይተኛ ነበር» አለች። ከመንገድ ደክሞት ስለሚመጣ ነው ብዬ አስረዳኋት። ራት ላይ ደግሞ ጎርሳ አኝካ ሳትጨርስ፣ «ልጆቹ ጋሼ ነው ወይስ አባዬ የሚሉት?» ስትለኝ እኔ ምን አውቄ ልመልስላት። አንተው መልስላት።

ከፍቶኝ አይደለም እንዲህ የምጽፈው። እውነቱን ብለህ ስለጠየቅክ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ የምትረሳው ነገር የለም።

በል ደህና ሁን። ወንበሩንም እያየህ ተቀመጥ።

---

ኅዳር 14

ይድረስ ለእማማ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ኮሌታዎቹስ አለቁ? መጀመሪያ ይህን ያንብቡላት፦ ድንቢጥዬ፣ የሚሉኝ «ጋሼ» ነው። አባዬ ያንቺ ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አያንብቡላት። አንድ ቀን ባለ ቢጫ ኮፍያዋ የምንላት የስድስት ዓመት ልጅ የጫማዋን ክር ሳስርላት አምልጧት «አባዬ» አለችኝ። ራሷም ደነገጠች። እኔ እንዳልሰማ ሰው ማሰሬን ቀጠልኩ፤ አንድ ልጅ ሲሳሳት አታሳፍሩት ብለው ነው የሚያስተምሩን። ግን ቤቴ እስክገባ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ነበር። እኔ የድንቢጥን ጫማ አንድ ቀን አስሬላት አላውቅም። ክር ያለው ጫማ ይኑራት አይኑራትም አላውቅም። እንዲህ ያለ አባት ነኝ፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ደግሞ ስለ ልጅ አያያዝ ፈተና እወስዳለሁ። ጥሩ ውጤትም አመጣለሁ።

እዚህ በር ላይ ሁለት ሕግ አለን። አንደኛው፣ ልጅ ሊወስድ የመጣውን ሰው «አባቷ ነህ?» ብለን አንጠይቅም። አዎ ለማለት ማን ይቸገራል? የምንጠይቀው ልጅቷን ነው። «ማን መጣልሽ?» እንላታለን። ሰውየውን አይታ በገዛ አፏ ማን እንደሆነ ካልተናገረች፣ እሺ ክፈቱለትም ካላለች በሩ አይከፈትም። ሹምም ቢሆን ውጪ ይቆማል። ሁለተኛው፣ ወላጅ የዘገየበትን ልጅ «አሁን ይመጣል» ብሎ ማጽናናት ክልክል ነው። የማናውቀውን አንናገርም። «እስኪመጣ እኔ አለሁ» ነው የምንለው።

አሰልጣኛችን ይህን ስታስተምር እኔን እኔን የምታይ መሰለኝ። ከመንገድ እየደወልኩ «አሁን መጣሁ» ያልኩት ስንቴ ነው? የድንቢጥን እናት እንኳ በመጨረሻዋ ቀን «አሁን ደረስኩ» ያልኳት ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሆኜ ነው። እርስዎ አጠገቧ ስለነበሩ ያውቁታል። አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ ያ ደግሞ ይብስብኛል።

አሁን ደግሞ ያንብቡላት፦ ታኅሣሥ 11 ዓርብ ማቆያው ግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ እስከ ሰኞ እረፍት ነን። ዓርብ ከቀትር በኋላ ተሳፍሬ ጀምበር ሳትጠልቅ እደርሳለሁ። ድንቢጥዬ፣ በር ላይ ጠብቂኝ። እማማ «ማን መጣልሽ?» ሲሉሽ አይተሽኝ ትመልሻለሽ። መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ ሶፋውን አልነካውም።

---

ታኅሣሥ 14

እማማ፣

ዛሬ ሰላምታ የማቀርብበት ፊት የለኝም።

ዓርብ ዕለት ልጆቹ ሁሉ ሲወሰዱ ባለ ቢጫ ኮፍያዋን የሚወስዳት ሰው ጠፋ። ግማሽ ቀን መሆኑን እናትየው ረስታዋለች። ሕጉን ጽፌልዎታለሁ፤ ልጅ ጥሎ አይሄድም። ሴትዮዋ እያለከለከች ስትደርስ አውቶቡሱ ሄዷል። ቅዳሜ ጧት መናኸሪያ ሄድኩ፤ በእረፍቱ ምክንያት እስከ ሰኞ ወንበር የለም። አሥራ አምስት ዓመት በነዳሁበት መስመር ላይ የሚያሳፍረኝ አጥቼ ተመለስኩ።

ዓርብ ደጋግሜ ደወልኩ። ቢጠራ ቢጠራ የሚያነሣው የለም። ምን አለች? ተቆጣች? አለቀሰች? ቢሰድቡኝ ይሻለኛል፤ እባክዎ ዝም አይበሉኝ።

---

ታኅሣሥ 27

ይድረስ ለአማቼ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ። እኛ ደህና ነን። ስፌቱ በዝቷል። ዓይኔን አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል። መድኃኒት ሻጯ ሰላም ብላሃለች።

ስልኩን አልሰማሁትም፤ ጆሮዬን ታውቀዋለህ።

ምን አለች ላልከው፣ ምንም አላለችም። ትበላለች፤ ትማራለች። ላንተ ልታሳይህ ብላ ዕቃ የከተተችበት ቦርሳ ነበር፤ እሱን አልፈታችውም። አልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች። ልፍታልሽ ብላት እጄን ገፋችው።

ሌላውን ሆድ ይፍጀው። ሁለተኛ ቀን ቆርጠህ እንዳትጽፍላት። ላም አለኝ በሰማይ ይብቃን።

---

ጥር 20

ልጄ፣

ሁለቴ ጻፍክልኝ፤ ሁለቴም ሳልመልስልህ ቀረሁ። ዛሬ ኮሌታውን ገፋ አድርጌ ወረቀት ይዣለሁ፤ እንዳልተወው ፍጠን ፍጠን እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ እኔን ሳይሆን ነገሩን እይ።

«የእርስዎ ጆሮ ይሁን፤ የድንቢጥ ጆሮ ምን ነክቶት ነው ስልኩን ያላነሣችው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ያንተ ስልክ መጀመሪያ ለኔ ጆሮ፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ ለባዶ ቤት ነው የጮኸው።

ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ጀምራ «መጣ? መጣ?» ትለኛለች። እኔ ሰኞ የሚረከቡኝ ልብስ አለብኝ፤ እጄ መርፌው ላይ ነው። «አሁን ይመጣል» እላታለሁ። ትወጣለች፣ ትመለሳለች። «አሁን ይመጣል አልኩሽ እኮ!» ያንን ክልክል ያልከኝን ቃል ስንቴ እንዳልኩት እኔው አላውቀውም። በኋላ ሰለቸችኝ። እውነቴን ነው የምነግርህ፣ ሰለቸችኝ። «ሂጂ፣ በር ላይ ሆነሽ ጠብቂው፤ እግሬ ሥር አትመላለሽ» አልኳት። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። እኔም ጸጥ ሲልልኝ ደስ ብሎኝ ሰፋሁ።

ቀና ስል መሽቶብኛል። በሩ ላይ የለችም። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ሰፈሩን ዞርኩ፤ መድኃኒት ሻጯ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ሮጠች። ምን ልበልህ ልጄ፣ እናቷን ሳጣ እንኳ እንዲያ አልደነገጥኩም። መናኸሪያ ነው ያገኘናት። ብቻዋን አስፋልቱን ሁሉ ተሻግራ ሄዳ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ቲኬት ቆራጩ ልብ ብሏት አጠገቡ አስቀምጧት ነበር፤ እግዜር ይስጠው። «ማን ነው የሚመጣልሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «ማንም» አለችኝ ብሎ ነገረኝ።

ያልነገርኩህ ፈርቼ ነው። «ልጅ መያዝ ተማር» ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ያሳፈርኩህ እኔ፣ ልጅ ጠፋብኝ ብዬ በየትኛው አፌ ልጻፍልህ? ይኸው ጻፍኩት። ይቅር በለኝ።

አንድ ሌላም አለ። አታንብቡላት ያልከውን አንብቤላታለሁ፤ የጫማ ክሩን ነገር። አንጀቴን በልተኸኝ ነው ያነበብኩላት። በማግስቱ ይዛኝ ገበያ ሄደች፤ ክር ያለው ጫማ አስገዛችኝ። እንዳስርላት ብጠጋ «ተይ፣ አባዬ ነው የሚያስርልኝ» አለች። ቦርሳው ውስጥ ያለው እሱ ነው። አንድ ቀን አላደረገችውም።

---

የካቲት 6

እማማ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ መቀመጥ አቃተኝ። ይቅር በለኝ ያሉኝን አልቀበልም፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር እርስዎ ዘንድ የለም። እርስዎ እውነቱን ነግረውኝ እኔ ዝም ብል የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ ይሆንብኛል።

ሕጉ ያዘኝ ብዬ ነበር የጻፍኩልዎት። ውሸቴን ነው። ሕጉ የሚለው ልጅቷ ብቻዋን አትቅር ነው እንጂ እኔ ልቅር አይልም። አሰልጣኛችን እዚያው ነበረች። «አውቶቡስህ ያመልጥሃል፣ ሂድ፤ እኔ አብሬያት እቆያለሁ» አለችኝ። ኮቴን ለብሻለሁ፣ ቦርሳዬን ይዣለሁ። ባለ ቢጫ ኮፍያዋ ሮጣ መጥታ ጣቴን ያዘችና «አንተ አትሂድ» አለችኝ። «ግዴለም፣ እቆያለሁ» አልኩ።

ጣፈጠኝ፣ እማማ። ሌላ ምን ልበልዎት? አትሂድ ያለኝ ልጅ ኖሮ አያውቅም። ድንቢጥ መኪናዬ ሲነሣ በር ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር እንጂ አንድም ቀን አትሂድ አላለችኝም። ድሮ ጨዋ ልጅ ናት እያልኩ በጓደኞቼ ፊት እኮራባት ነበር። አሁን ነው የገባኝ፤ እንደማልቀርላት ስለምታውቅ ነው የማትለምነኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። እኔ ከሰው ልጅ ጋር የወረቀት ጀልባ ሳጣጥፍ የኔዋ መናኸሪያ ተቀምጣ «ማንም» ትላለች።

አሰልጣኛችን ዘንድ ሄጄ ትምህርቱን ልተው ነው አልኳት። ምክንያቴንም ነገርኳት። እሷም፣ «ልጆች ይወዱሃል። አንተ ደግሞ መወደዱን ወደድከው» አለችኝ። ሄጄ አልቅሼ ስመለስ የበር ተረኛ አድርጋ መድባኛለች። የበር ተረኛ ከልጆቹ ጋር አይጫወትም፤ ጣቱን የሚይዘው የለም። ቆሞ «ማን መጣልሽ?» እያለ ልጅን ለባለቤቱ ማስረከብ ነው። እሱን እየሠራሁ ነው። ትምህርቱን አልተውኩም፤ ብተው ድንቢጥን በምን አፌ እጠይቅዎታለሁ?

ቀን አልቆርጥም። እመጣለሁም አልልም። ይህን ደብዳቤ ቢፈልጉ ያንብቡላት፣ ቢፈልጉ ይተዉት። ይህ ይነበብ ያ አይነበብ ለማለት ከእንግዲህ አፍ የለኝም።

---

ሐምሌ 4

ለሾፌሩ፣

ድንቢጥን ይዘህ ከሄድክ ሳምንት ሆነህ። ቤቱ ሰፍቶኛል። በሰላም መግባታችሁን በመድኃኒት ሻጯ ስልክ ሰምቻለሁ። «በሩን ለምን እርስዎ አልከፈቱልኝም? ተቀይመውኝ ነው?» ብለህ ልከሃል አለችኝ። አልተቀየምኩህም። እንደዚህ ያለው በሰው አፍ አይላክምና እጽፍልሃለሁ።

ሳትናገር መጣህ። በሩ ሲንኳኳ በመስኮት አየሁህ፤ ከስተሃል፣ ጸጉርህን ተቆርጠሃል። ልከፍትልህ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ያ ሕግህ ትዝ አለኝ። ጠራኋትና «ማን መጣልሽ?» አልኳት።

አሁን የምነግርህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሷ መጋረጃውን ገልጣ አንተን ስታይ ልቤ «አላውቀውም በዪ፣ አላውቀውም በዪ» ይል ነበር። አፈር ልብላ! አያት ሆኜ፣ አንተ ዓመት ሙሉ የልጅ ወንበር ላይ ስትሰቃይ ከርመህ መጥተህ፣ እኔ እንዲህ ተመኘሁ። ልጄን ካፈር ከትቻት የቀረችኝ እሷ ናት፤ ምን ላድርግ። ያን ዕለት ፈርታ ብታይህ ኖሮ በሩን አልከፍትልህም ነበር። ሕግ ነው እል ነበር።

እሷ ግን «አባዬ ነው» አለች። 

«ልክፈትለት?» አልኳት።

«ይጠብቅ» አለች።

ሰምተህ ኖሯል። አልለመንክም፤ ሁለተኛ አላንኳኳህም። ደረጃው ላይ ተቀመጥክ። እሷ መስኮቱ ሥር ወንበር ይዛ ተቀመጠች። እኔ መሃል ቤት ሆኜ እጅጌ እሰፋለሁ፤ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት፣ ፈትቼ ብሰፋው እንደገና ገለበጥኩት። ጥላው ከደረጃው አልፎ አጥሩ ላይ ደረሰ። ወንበሩ ላይ እየወጣች አየት አድርጋህ ትመለሳለች። «አሁንም አለ» ትለኛለች። «አለ እንዴ?» እላታለሁ እኔም። በኋላ ቦርሳዋን ካልጋው ሥር ጎትታ አወጣችና በሩን ራሷ ከፈተችው።

ምን እንደተባባላችሁ አልሰማሁም፤ የማልሰማ መሆኔ የዚያን ቀን ጠቀመኝ። በመስኮት ግን አይቻችኋለሁ። ጫማው ጠቧታል። ተረከዟ ውጪ ቀርቶ፣ አንተ መሬት ላይ ተንበርክከህ ክሩን ታስርላታለህ። አንዱን ጨርሰህ ሌላውን። እጅጌውን ያን ጊዜ ነው ጣል ያደረግኩት።

እንግዲህ ሰጥቼሃለሁ፤ ቃሌ ነው። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ትምህርት ሲከፈት እሷም አንተው ማቆያ ትውላለች አይደል? አንተ ደግሞ የሰው ልጅ ሁሉ ተወስዶ እስኪያልቅ አትወጣም። እንግዲያው መጨረሻ የምትቀረው ሁልጊዜ እሷ ናት። ሌላው ልጅ ሁሉ «ማን መጣልሽ?» ሲባል እሷን ማን ይጠይቅልኛል?

---

ጥቅምት 3

ይድረስ ለእማማ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ድንቢጥ አዲስ ጫማ ገዝታለች፤ ክር ያለው ነው። ጧት ጧት አስርላታለሁ። ትናንት «ጠበቅ አድርገው፣ ገና ተለማማጅ ነህ እንዴ?» አለችኝ። ምላሷ ወደ ማን እንደሄደ እርስዎ ያውቃሉ።

ልብዎ ስለተመኘው የጻፉልኝን አንብቤ አለቀስኩ። እኔም መስኮቱን እያየሁ «ደግ አደረገች፣ አላውቀውም ትበል» ስል ነበር። የሚገባኝ እሱ መስሎኝ ነበር።

የጠየቁኝን ጥያቄ ሦስት ወር ሙሉ ይዤው ዞርኩ። እውነትዎን ነው፤ እንደ ፈሩት ነው የሆነው። የመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ሁሉ እየተጠሩ ሲወጡ እሷ ጥጉ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ትጠብቃለች። የመጨረሻውን ልጅ አስረክቤ ዘወር ስል «በይ ተነሺ፣ እንሂድ» እላታለሁ። ተነሥታ ትከተለኛለች። ዕቃ እንደማነሣ ነበር የማነሣት፣ እማማ! ያን ሁሉ ተምሬ። ደብዳቤዎን ደግሜ ያነበብኩ ቀን ነው የነቃሁት።

አሁን እንዲህ አደረግን። የመጨረሻው ልጅ ሲሄድ ኮቴን ለብሼ እወጣለሁ። የአጥሩን በር ከውጪ እዘጋዋለሁ። እንደማንኛውም አባት አንኳኳለሁ። ከኔ ጋር ተመርቃ እዚሁ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፤ እሷ ወደ ድንቢጥ ትሄድና «ማን መጣልሽ?» ትላታለች። ድንቢጥ እየተጎተተች ትመጣለች። በፍርግርጉ ከእግር እስከ ራሴ ታየኛለች። «አባዬ ነው» ትላለች። «ልክፈትለት?» ስትባል «ይጠብቅ» ትላለች።

በየቀኑ ነው። አንድ ቀን አልማረችኝም። ተመልሳ ገብታ እርሳሶቿን ታስተካክላለች፤ ውሃ ትጠጣለች። አላፊ አግዳሚው ያየኛል። አንድ የድሮ ሾፌር ጓደኛዬ ሲያልፍ አይቶኝ «ምን ሆነህ ነው?» ቢለኝ «ተራ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። እጠብቃለሁ። ያን አግዳሚ ወንበር እያሰብኩ እጠብቃለሁ። ያስጠበቅኳትን ያህል ብታስጠብቀኝ እዚያው በር ላይ ነው የማረጀው።

እርስዎ ቢመጡስ ምን ትላለች ብዬ ጠይቄያት ነበር። «እማማንማ አላስጠብቅም» አለችኝ፣ የጠየቅኳት ነገር አስገርሟት። ስለዚህ ሳይፈሩ ይምጡ፤ መኪናዎን ሸፍነው ይምጡ።

ትናንት ዝናብ ነበር። ኮቴ እስኪበሰብስ ዘነበብኝ። አንኳኳሁ። «ማን መጣልሽ?» ተባለች። መጣች፤ በፍርግርጉ አየችኝ። «አባዬ ነው» አለች። ልጅቷ ልምዱን ስለምታውቅ «ይጠብቅ አይደል?» አለቻት። ድንቢጥ ወደ ሰማይ ቀና ብላ አየች፣ ወደ ጫማዬ አየች።

«ይረጥባል፤ ክፈችለት» አለች።